«ብረት ስጠኝ» ማለት አይበቃም፦ ስለ መካከለኛ ካርቦን ዐረብ ብረት ጠባይና ጥቅም

ገበያ ወጥቶ «እህል ስጠኝ» የሚል ሰው የለም። ጤፍ የፈለገ ጤፍ ይላል፤ ጤፉንም ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ጥቁር ብሎ ይለያል። ለዘር የሚሆነውን ለቆሎ ከሚሆነው ለይቶ በመዳፉ ላይ አፍስሶ ያያል፤ በጥርሱ ይሰብራል፤ ያሸታል። በእህል ነገር ይህን ያህል ሊቅ የሆነው ሕዝባችን ከብረት ሱቅ ሲገባ ግን ቋንቋው ያጥረዋል። «ባለ 40 ብረት ስጠኝ» ይላል። ባለ 40 ማለት ውፍረቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ውፍረቱ ተነገረ፤ ስለ ምንነቱ ግን አንድ ቃል እንኳ አልተነገረም።

ውድ አንባብያን፦ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በብረት ሱቅ ከሚሸጡት ዘንጎች መካከል አንዱን ወገን፣ ይኸውም መካከለኛ ካርቦን ያለውን ዐረብ ብረት፣ በሚገባ ማስተዋወቅ ነው። የቶርኖ ቤት ሠራተኞች ሻፍት፣ ማርሽ፣ ፒንና ጠንካራ ብሎን የሚያወጡት ከዚህ ዘንግ ነው፤ ቢያንስ ማውጣት የሚገባቸው ከዚህ ነው። «የአርትስ ተማሪ ስለ ብረት ምን አገባው?» የሚል ወንድም ወይም እኅት እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ነገሩ የእቶንና የመዶሻ ብቻ ሳይሆን የስምና የቋንቋም ነገር ስለሆነ ያገባኛል። እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች እንመልከት።

ሀ) ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው ሐዋሳ የሐይቅና የዛፍ ከተማ ብቻ ትመስላለች። ነገር ግን ከዛፎቹ ሥር የሚሽከረከረው ብዙ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ የሴራሚክ ፋብሪካ አለ፤ የቢራ ፋብሪካ አለ፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ከእነዚህ ከትልልቆቹ ሌላ ወፍጮ ቤቱ፣ እንጨት ቤቱ፣ የውሃ መሳቢያውና ባጃጁ ሁሉ በሻፍት ላይ የሚዞሩ ናቸው። ሻፍት ማለት ከሞተሩ የተነሣውን ጉልበት ተቀብሎ ሥራው ወዳለበት የሚያደርስ ክብ ዘንግ ነው። እርሱ ከተሰበረ ሞተሩ ቢያጓራም ሥራው ይቆማል።

ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ሲዳማ የቡና አገር፣ ወደ ይርጋለምና ወደ አለታ ወንዶ ብንዘልቅ፣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በመከር ወራት ቀይ እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ በዚያው ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ መቡካት ይጀምራል፤ የቦካ ቡና ደግሞ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወድቃል። የመፈልፈያው ሻፍት የሚሰበረውም መኪናው ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥበት በክረምት አይደለም፤ ሌት ተቀን በሚሠራበት በመከሩ መካከል ነው። ባለቤቱ ስብርባሪውን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ከተማ ይሮጣል፤ ከቶርኖ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ቶሎ ሥራልኝ» ይላል። ከምን ዓይነት ብረት እንደሚሠራለት አይጠይቅም። አዲሱ ሻፍት በሳምንቱ ቢሰበር ግን ዕዳው በባለቤቱ ብቻ አይቀርም፤ ቡናውን በጀርባው ተሸክሞ መጥቶ «መኪናው ተበላሽቷል» ተብሎ በሚመለሰው ገበሬ ላይ ያርፋል። በወፍጮ ቤትም ቢሆን እህሏን ተሸክማ መጥታ ሳታስፈጭ የምትመለሰው እናት ናት ከፋዩዋ።

በከተማችን በቶርኖ ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩ አንድ ጋሼ ይህንን ነገር ባነሣሁባቸው ጊዜ «ልጄ፣ ደንበኛው ሁሉ መቼ ይደርሳል ይለኛል፤ ስንት ነው ይለኛል፤ ከምን ነው ያለኝ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው» ብለውኛል። ችግሩ በሙሉ በዚህ አባባል ውስጥ አለ።

ለ) የ25 ግራም ልዩነት

ዐረብ ብረት የምንለው በመሠረቱ ብረትና ጥቂት ካርቦን ነው። ካርቦን ከሰል የተሠራበት ንጥረ ነገር ነው። ከ100 ኪሎ ብረት ውስጥ ካርቦኑ ከ300 ግራም በታች የሆነ እንደሆነ ለስላሳ ብረት ይባላል፤ ከ300 እስከ 600 ግራም የሆነ እንደሆነ መካከለኛ፤ ከዚያ በላይ የሆነ እንደሆነ ከፍተኛ ካርቦን ያለው ይባላል። ለስላሳው ለመስኮት፣ ለበር፣ ለላሜራና ለተራ ብየዳ ሥራ ይውላል። ከፍተኛው ለሞረድ፣ ለመጋዝና ለስለት ይሆናል። መካከለኛው በሁለቱ መካከል ቆሞ ከሁለቱም የሚበጀውን የሚወስድ ነው።

ነገሩን በሚዛን ብናየው የበለጠ ይገባናል። የክብ ዘንግ ክብደት ለማወቅ ውፍረቱን በሚሊሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛትና ለ162 ማካፈል ነው፤ የሚገኘው የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ነው። ስለዚህ ባለ 40 ዘንግ አንድ ሜትሩ 10 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ዘንጉ ከመቶ 0.20 ካርቦን ያለው ለስላሳ ብረት ቢሆን በውስጡ ያለው ካርቦን 20 ግራም ያህል ነው። ከመቶ 0.45 ያለው መካከለኛ ቢሆን ደግሞ 45 ግራም ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 25 ግራም ነው። ይህ አንድ እፍኝ የማይሞላ የከሰል ዱቄት ነው፤ በዓይን አይታይም፤ በእጅ ሲመዝኑትም አይታወቅም። ሁለቱን ዘንጎች ጎን ለጎን ቢያጋድሟቸው ከአንድ እናት የተወለዱ መንትዮች ይመስላሉ። ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው።

ይህ ምሥጢር ለሰው ልጅ ቶሎ አልተገለጠለትም። ቀጥቃጮች ዐረብ ብረትን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል፤ ልዩነቱ ከካርቦን የመጣ መሆኑን ግልጽ አድርገው የጻፉት ግን ቫንደርሞንድ፣ ቤርቶሌና ሞንዥ የተባሉት ሦስት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ናቸው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1786 ነው። ሥራው ግን ከጽሑፉ እጅግ የቀደመ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ምዕራብ፣ ዛሬ ታንዛኒያ በሚባለው አገር፣ የሃያ ሕዝብ ቀደምት አባቶች ከ1500 ዓመት በፊት ወደ ምድጃው የሚገባውን አየር አስቀድመው እያሞቁ ካርቦን ያለው ዐረብ ብረት ያቀልጡ እንደነበር ፒተር ሽሚትና ዶናልድ ኤቨሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። እንግዲህ ዐረብ ብረት ለአፍሪካ ባዕድ ነው የሚል ካለ ታሪክ አያግዘውም።

ሐ) የመካከለኛው ብረት ጠባይ

አንደኛ፣ ጥንካሬው። ተራ ለስላሳ ዘንግ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ወደ 39 ኪሎ የሚጠጋ ስበት ሲያርፍበት ይበጠሳል። ከመቶ 0.45 ካርቦን ያለው በትኩሱ የተዳመጠ ዘንግ ግን እስከ 57 ኪሎ ይችላል። ከመበጠስ በፊት ያለው ድንበር፣ ማለት ዘንጉ ተጎብጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የማይመለስበት መጠን፣ ለለስላሳው ወደ 21 ኪሎ፣ ለመካከለኛው ወደ 31 ኪሎ ነው። ለሻፍት የሚያስፈልገው ዋናው ይኸኛው ቁጥር ነው፤ የተጎበጠ ሻፍት ባይሰበርም ኩሽኔታውን ይበላልና።

ሁለተኛ፣ ብዙዎችን የሚያታልለው ነገር፦ ጥንካሬና አለመለመጥ አንድ አይደሉም። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ዓይነት ሸክም ሥር፣ ድንበራቸውን እስካላለፉ ድረስ፣ የሚለመጡት እኩል ነው። ካርቦን መጨመር ዘንጉ እንዳይበጠስና ጎብጦ እንዳይቀር ያደርገዋል እንጂ እንዳይለመጥ አያደርገውም። እንዳይለመጥ የፈለገ ሰው መፍትሔው ዘንጉን ማወፈር ወይም ኩሽኔታዎቹን ማቀራረብ ነው። ውፍረት ያለው ኃይልም ቀላል አይደለም። ባለ 40 ሻፍት በባለ 50 ቢተካ ጠመዘዛን የመቋቋም ዐቅሙ ወደ እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል፤ ክብደቱ ግን የሚጨምረው በግማሽና ከግማሽ ጥቂት በሚበልጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ እሳትና ውሃ የሚቀበል መሆኑ። ለስላሳውን ብረት አግሎ በውሃ ቢነክሩት የሚገኘው ጥቅም እምብዛም ነው። መካከለኛው ግን ከ820 እስከ 860 ዲግሪ ግሎ በውሃ ወይም በዘይት ቢነከር እጅግ ይጠነክራል። በዚያ ሁኔታ ከተተወ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ዳግመኛ ከ550 እስከ 660 ዲግሪ ድረስ አሙቆ ቁጣውን ማብረድ ያስፈልጋል። እንዲህ የተደረገለት ከ16 እስከ 40 ሚሊሜትር የሚወፍር ዘንግ በካሬ ሚሊሜትር ከ65 እስከ 80 ኪሎ ይችላል። ይህ ብረት ሌላ ቅመም ስለሌለው ጥንካሬው ወደ ውስጥ ጠልቆ እንደማይገባ ማወቅ ይገባል። ዘንጉ በወፈረ ቁጥር የሚጠነክረው ልጡ ብቻ ነው፤ ልቡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ይህም አንዳንድ ጊዜ በረከት ነው። የማርሽ ጥርስ ላዩ ጠንክሮ መፋተግን፣ ልቡ ለስልሶ ምትን እንዲችል ይፈለጋልና።

በአነስተኛ ቤት የእሳቱን መጠን የሚለካ መሣሪያ ባይኖርም ማግኔት ትረዳለች። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መያዙን ይተዋል። ስለዚህ የጋለው ብረት ማግኔቷን እምቢ ካላት በኋላ ጥቂት ጨምሮ አግሎ መንከር ከዓይን ግምት እጅግ የተሻለ ነው።

አራተኛ፣ ለቶርኖ የሚመች መሆኑ። በጣም ለስላሳ ብረት ከስለቱ ጋር ይጣበቃል፤ ፍቅፋቂው እንደ ክር እየረዘመ ይጠመጠማል፤ የተቆረጠው ገጽም ይሻክራል። በጣም ጠንካራው ደግሞ ስለቱን ይጨርሳል። መካከለኛው ንጹሕ ገጽ ይሰጣል፤ ስለቱንም እምብዛም አይጎዳም። ለዚህ ነው በዓለም ዙሪያ የቶርኖ ቤቶች የዘወትር እንጀራ የሆነው።

መ) ዘንጉ ሻፍት ሲሆን የሚጠበቅ ጥንቃቄ

ዘንጉ በሁለት መልክ ይሸጣል። አንደኛው በትኩሱ የተዳመጠ ጥቁር ዘንግ ነው። ከላዩ ቅርፊት አለው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ገጽም በእሳቱ ካርቦኑን ያጣ ነው። ስለዚህ ባለ 40 ሻፍት የፈለገ ሰው ባለ 45 ዘንግ ገዝቶ ልጡን በሙሉ አስፍቆ መጣል አለበት። ሁለተኛው በብርዱ ተስቦ የወጣ የሚያብረቀርቅ ዘንግ ነው፤ መጠኑ የታረመ ነው፤ ጥንካሬውም ይበልጣል። ነገር ግን ሲሳብ በውስጡ የታመቀ ኃይል ስላለ በአንድ ወገኑ ብቻ ረጅም የቁልፍ ቦይ ቢቆረጥበት ሊጎብጥ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ትከሻው ላይ ነው። ሻፍት ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚያልፍበት ቦታ ትከሻ ይፈጠራል። ይህ ትከሻ ስል ማዕዘን ሆኖ ከተቆረጠ ኃይሉ ሁሉ በዚያ ይከማቻል። ለማዕዘኑ ትንሽ ጥምዝ መስጠት ከቶርኖ ሠራተኛው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ብቻ ይጠይቃል፤ የሻፍቱን ዕድሜ ግን አያሌ ጊዜ ያረዝመዋል። ይህ ትምህርት በብዙ ደም የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር ሞዶን በተባለ ስፍራ የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ተገለበጠ፤ እሳትም ተነሥቶ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። በዓመቱ ራንኪን የተባለው የስኮትላንድ መሐንዲስ አክስሎች የሚሰበሩት በትከሻቸው ላይ ከሚጀምር ስንጥቅ መሆኑን ጻፈ፤ ማዕዘኑም ጥምዝ እንዲደረግለት መከረ። ከርሱ በኋላ ቮለር የተባለው ጀርመናዊ የባቡር አክስሎችን ለብዙ ዓመታት ሲፈትን ኖሮ፣ ብረት አንድ ጊዜ በቀላሉ የሚችለውን ሸክም ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገምበት ሊሰበርበት እንደሚችል አረጋገጠ። ይህ የብረት ድካም ይባላል።

ነገሩ ከእኛ ወፍጮ ቤት የራቀ አይደለም። በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ሻፍት በ8 ሰዓት ሥራ 288,000 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ቺንጋው የሚስበው ወገን አንዴ ይለጠጣል፣ አንዴ ይጨመቃል። በአራት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን አለፈ ማለት ነው። የተሰበረውን ሻፍት ገጽ ልብ ብሎ ያየ ሰው ታሪኩን ያነበዋል፤ ከዳር የጀመረ፣ እንደ ሐይቅ ዳር ማዕበል የተደራረበ ለስላሳ መስመር ያያል፤ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የተገነጠለውን ሻካራ ክፍልም ያያል። ለስላሳው ክፍል ሻፍቱ ለቀናት ወይም ለወራት ሲሞት የኖረበት ነው። «ትናንት ደኅና ነበር» የሚለው አባባል እንግዲህ ለብረት አይሠራም።

ሠ) የተለመዱ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ሻፍትን ከፌሮ መሥራት ነው። ፌሮ ለቤት ሥራ፣ ከኮንክሪት ጋር ተጣምሮ እንዲቆም የተሠራ ነው፤ በቦታው የተመሰገነ ነው። ለሻፍት የማይሆንበት ምክንያት ብዙዎች እንደሚያስቡት «ደካማ ስለሆነ» ብቻ አይደለም። ፌሮ የሚሸጠው በመጎተት ጥንካሬው እንጂ በካርቦኑ ልክ ስላልሆነ ከዘንግ ዘንግ ሊለያይ ይችላል። ከዚህም ሌላ ዛሬ ብዙው ፌሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ በውሃ ተመትቶ የጠነከረ፣ ልቡ ግን ለስላሳ ነው። የቶርኖ ሠራተኛው ጉጥ ጉጡን ለማስተካከል ሲፍቀው የሚጥለው ያንኑ ጠንካራውን ልጡን ነው። ደንበኛው ከፍሎ የሚወስደው የቀረውን ለስላሳ ልብ ነው።

ሁለተኛው የተሰበረን ሻፍት በጥድፊያ መበየድ ነው። ለስላሳ ብረት ብየዳን በቀላሉ ይቀበላል። መካከለኛው ግን ከብየዳው ነበልባል አጠገብ ያለው ክፍል በዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ ብረት ቶሎ ስለሚበርድ፣ በውሃ እንደ ተነከረ ይቆጠርና ተሰባሪ ይሆናል። የተበየደ ሻፍት ብዙውን ጊዜ ከብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጎን የሚሰበረው ስለዚህ ነው። ግድ ከሆነ አስቀድሞ እንደ ውፍረቱ ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ማሞቅ፣ ከተበየደም በኋላ በደረቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማድረግ ይገባል። አመድ በየቤታችን አለ፤ የሚያጥረን ትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው ከአሮጌ መኪና የወጣ አክስል ገዝቶ እንደ አዲስ ዘንግ መቁጠር ነው። ብረቱ በእርግጥ ምርጥ ሊሆን ይችላል፤ ድካሙን ግን ይዞት ይመጣል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት አክስል ሌላ ስም ቢሰጠውም ስንጥቁ አብሮት ይኖራል። ለማረሻ ወይም ለመዶሻ እጅግ ጥሩ ነው፤ በቀን ሩብ ሚሊዮን ጊዜ ለሚዞር ሻፍት ግን አይታመንም። አገር ቤት ያሉ ቀጥቃጮች የመኪና ባሌስትራን ወደ ማጭድና ወደ ቢላዋ የሚለውጡት በዕውቀት ነው። ባሌስትራ ካርቦኑ በርከት ያለ ስለሆነ ስለትን ይይዛል።

ረ) እንዴት ይለያል?

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ምልክቱ የጠፋበት ዘንግም እንዲሁ ነው፤ ሻጩ ስለ አጎቱ እንጂ ስለ አባቱ አይነግረንም። አባቱን ለማወቅ የሚረዱት መንገዶች እነዚህ ናቸው።

1ኛ) ስሙን ጠይቆ መግዛት። ይኸው አንድ ወገን ብረት በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም አለው። በአውሮጳ ሲ45 ይባላል፤ በአሜሪካ 1045፤ በጃፓን ኤስ45ሲ፤ በቻይና በአጭሩ 45። የእንግሊዞቹ ኢኤን8 ካርቦኑ ጥቂት ዝቅ ያለ የቅርብ ዘመድ ነው። ቁጥር 45 የሚያመለክተው ከመቶ 0.45 ካርቦን መሆኑን ነው። ይህን አንድ ቁጥር ማስታወስ ለማንም አይከብድም።

2ኛ) ቀለሙን መጠበቅ። አያሌ ፋብሪካዎች በዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለም ይቀባሉ ወይም ቁጥር ይመታሉ። ቀለሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ያሻል። የቶርኖ ቤቱም ዘንጉን መቁረጥ ያለበት ቀለም ከሌለው ጫፍ ጀምሮ ነው፤ እንዲያ ከሆነ የመጨረሻዋ ቁራጭ እንኳ ስሟን ይዛ ትቆያለች።

3ኛ) በፍንጣሪ መፈተን። ዘንጉን በሞላ ላይ ሲያስነኩት የሚወጣው ፍንጣሪ ይናገራል። ለስላሳው ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነ ፍንጣሪ ይሰጣል። መካከለኛው ቅርንጫፉ ይበዛል፤ እንደ ትናንሽ ኮከብ ይፈነዳል። ከፍተኛው አጭርና እንደ ቁጥቋጦ የተጨናነቀ ነው። ፈታኙ ስሙ የታወቀ ቁራጭ አጠገቡ አስቀምጦ እያነጻጸረ ቢያይ አይሳሳትም ለማለት ይቻላል።

4ኛ) በሞረድ መፈተን። ከዘንጉ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ፣ አግሎ፣ በውሃ ነክሮ በሞረድ መሞከር ነው። ሞረዱ እንደ ቀድሞው ከበላው ለስላሳ ነው፤ ሞረዱ ከተንሸራተተበት ግን በውስጡ በቂ ካርቦን አለ ማለት ነው።

ሰ) ስም የመስጠት ዕዳ

እስካሁን የተናገርሁት ለመሐንዲሶች አዲስ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲያችን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም፣ በከተማው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም የሚታወቅ ነው። ታዲያ ለምን ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አልደረሰም? በበኩሌ ሁለት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው የቆየ ንቀታችን ነው። ብረት የሚያቀልጠውንና የሚቀጠቅጠውን ሰው በሰሜኑ «ቡዳ» እያልን ስንሸሸው፣ በሲዳማም ቱንቲቾ የተባሉትን ባለእጆች ከጋብቻና ከማዕድ ስናገል ብዙ ዘመን ኖረናል። ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብለን እጃቸውን ግን አንጨብጥም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ እንዲህ የበዛበት ሰው ዕውቀቱን በጽሑፍ አያቆይም፤ ለልጁ በጆሮው ይነግረዋል እንጂ። ብረት በምን ቀለም ሲግል እንደሚነከር፣ የትኛው ቁርጥራጭ ለምን እንደሚሆን የሚያውቀው ሰው አንድ ወገን፣ መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው ሌላ ወገን ሆነው ተለያዩ።

ሁለተኛው የቋንቋ ድህነት ነው። ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ፑሌጃ፣ ቺንጋ የሚሉትን ቃላት ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገናቸዋል፤ ይህ አያስነውርም። ዕቃዎቹን በስማቸው ስለምንጠራቸው አንዱን ከሌላው አናምታታም፤ ኩሽኔታ ልኮ ፑሌጃ የመጣለት ሰው ዝም አይልም። ዕቃው የሚሠራበት ብረት ግን እስካሁን «ብረት» ብቻ ነው። ስም የሌለውን ነገር መጠየቅ አይቻልም፤ ያልተጠየቀውን ደግሞ ማንም ሻጭ በራሱ ፈቃድ አያቀርብም። ኮርስ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ የቶርኖ ቤቱ ወሬ በአማርኛና በሲዳምኛ ሆኖ ሳለ 25ቱ ግራም በመካከል ይጠፋሉ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ስማቸው የታወቀ ሦስት ቁራጮችን፣ ለስላሳ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ካርቦን ያላቸውን፣ ቆርጠውና ምልክት መትተው ቢያዘጋጁ፤ እኛ የአርትስ ተማሪዎች ደግሞ የፍንጣሪውን ፈተና፣ የብየዳውን ጥንቃቄና የትከሻውን ጥምዝ የሚያስረዳ አንድ ገጽ በአማርኛና በሲዳምኛ ብንጽፍ፤ ይህንንም በታቦርና በአካባቢው ባሉት የቶርኖ ቤቶች ከሞላው አጠገብ እንዲሰቀል ብናደርግ፣ ወጪው ከአንድ የማኅበር ግብዣ አይበልጥም። ስንሄድ ግን ልናስተምር ብቻ ሳይሆን ልንማርም ይሁን፤ ከጋሼዎቹ አፍ የሚገኘውን ቃል ጽፈን እንመለስ። ጋን በጠጠር ይደገፋል።

በሚመጣው መከር የአንድ መፈልፈያ ሻፍት መሰበሩ አይቀርም። የዚያን ዕለት ባለቤቱ ከቶርኖ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ባለ 45 ውፍረት፣ ባለ 45 ካርቦን፣ ትከሻው ጥምዝ ይሁንልኝ» ለማለት ቢበቃ፣ ከተራራው ማዶ ያለው ገበሬ ቡናውን ተሸክሞ አይመለስም።